የእትዬ በለጡ ኮሶ

እትዬ በለጡ መሞታቸውን የነገረችኝ እንጨት ሻጭ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ከጊዮርጊስ በታች ገበያ ወጥቼ፣ ከእንጦጦ ሸክሟን ይዛ ከወረደች ሴት ጭራሮ ልገዛ ቆሜአለሁ። ጎንበስ ብላ መቀነቷን እያጠበቀች፣ «ዛሬ እንኳ ባልወረድኩ ነበር። ጎረቤታችን ዐርፈው ትናንት ቀብረን ነው የዋልነው። የናንተው ሰፈር ሰው ነበሩ፤ የአራዳዋ ባለ ኮሶ ይሏቸዋል» አለችኝ።

«እሺ» ብቻ አልኳት። ሸክሙን ደጃፌ ድረስ አምጥታ ስታራግፍልኝ ነው ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ሳምንት የሚበቃ እንጨት መኖሩን ያስታወስኩት።

ስማቸው በቤታችን ከተነሣ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። እንዳይነሣ የከለከለው ባሌ ተሰማ ነው። እኔም መከልከሉን ወድጄለት ነበር።

እሪ በከንቱ ከሚባለው የአራዳ ጎድጓዳ ሰፈር ስገባ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ተሰማ ልብስ ሰፊ ነው፤ በአንድ አርመን ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ይውላል። የተከራየነው ግቢ ሁለት ጎጆ ነበረው፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የእትዬ በለጡ። ከሁለቱ ጎጆዎች መካከል ያቺ ኮሶ ቆማለች።

ኮሶን በጫካ ያየ ሰው ይቺን ቢያይ ኮሶ መሆኗን አያምንም። እንጦጦና መናገሻ ላይ ያለው ኮሶ ሽቅብ ሲያዩት አንገት ያማል። የእትዬ በለጡ ግን ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ ነው የምትዘልቀው። ግንዷ ወፍራም፣ ቅርፊቷ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ ቀላ ያለ ነው። ቅጠሏ እንደ ጃንጥላ ወደ ጎን ተዘርግቶ ግቢውን ግማሽ ያለብሰዋል። ከመስቀል በኋላ ስታብብ ቀይ ዘለላዋ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ መንገደኛው አጥር ላይ ተደግፎ ያያታል። ከአራዳ ገበያ አንድ ግሪክ ባለሱቅ መጥቶ ለበረንዳዬ ጌጥ ትሁነኝ፣ ነቅላችሁ ስጡኝ ብሎ ለምኗቸው ነበር።

«ሰው ከነቤቱ ይነቀላል እንዴ? ዘሯን ውሰድና እንደኔ ጠብቅ» ብለው አንድ እፍኝ ሰጡት። ሰውየው «ስንት ዓመት ነው የምጠብቀው?» አላቸው። ስምንት ሲሉት ሳቀና ሄደ።

እውነትም ስምንት ዓመት ጠብቀዋል። ዘሩን ከእንጦጦ አምጥተው፣ አፈሩን በወንፊት ነፍተው በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ነበር የዘሩት። የኮሶ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከላይ በተን አድርገው ጥቂት አፈር ብቻ አለበሱት። ውሃም አያፈሱበትም፤ እጃቸውን ነክረው እንደ ጸበል ይረጩታል። ፀሐይ እንዳይመታው ሣር ጣል ያደርጉበታል። ከበቀሉት ውስጥ አምስት ጸደቁ። ኮሶ ወንድና ሴት አለው፤ መድኃኒቱ የሴቴዋ አበባ ነው፤ እስኪያብብ ድረስ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በስምንተኛው ዓመት ሲያብቡ አራቱ ወንድ ሆነው አረፉ። አስቆርጠው ለአናጢ ሰጧቸው፤ እንጨቱ ቀይ ስለሆነ አንድ ሳጥንና አንድ በርጩማ ወጣው።

«ወንድ ኮሶ መድኃኒት አይወጣውም። ለዕቃ ግን ያምራል። ተሰማንም ለዚህ ነው ያገባሽው» ይሉኝና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ይስቁ ነበር።

ሲስቁ እንኳ ዓይናቸው አይስቅም። ከዛፏ ጋር ሲያወሩ ነው የምፈራቸው። ሰኔ ሲገባ ማጭዳቸውን ስለው ጫፏን ይቆርጧታል፤ ቁስሏን እበትና አመድ ይቀቧታል፤ እየቀቡም፣ «በቃሽ፤ በቃሽ። ከዚህ በላይ ወጥተሽ ምን ልታዪ ነው?» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው አብሯቸው ያለ መስሎኝ ከጎጆዬ ብቅ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደሚያሳጥሯት ጠየቅኋቸው። ማጭዱን መሬት አስቀመጡ።

«ኃይሌ የሚባል ልጅ ነበረኝ። አንድ ለናቱ። እንጦጦ ላይ የኮሶ አበባ ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀ። ማንም ሳያዘው፣ በገዛ እጁ ነው የወጣው። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እና እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም የማይወጣባት ኮሶ ትኑር ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋቸውም።

በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ በሁለት ወሩ ለሆድ ትሉ ኮሶ ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ደጅ አይወጣም፤ ስለዚህ እንግዳ ያልፈለገ ጌታ «ኮሶ ጠጥተዋል» ያሰኛል፤ ይህን የሰማ እንግዳም ሳይቀየም ይመለሳል። አራዳ ውስጥ ግን በእርግጥ የጠጡትና እንዲያው ያስባሉት እነማን እንደሆኑ ለይተው የሚያውቁ አንድ ሰው እትዬ በለጡ ነበሩ። ምስጢራቸውም አይወጣም።

ለማንም ዓይኑን ሳያዩ አይሰጡም። የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው ያያሉ፤ ክንድ ይዘው ይመዝናሉ፤ ከዚያ ነው በእፍኛቸው የሚሰፍሩት። አንድ ጊዜ የአንድ መኳንንት አጋፋሪ በበቅሎ መጥቶ «ጌታዬ ለበዓል ብዙ ጥሬ በልተዋል፤ እጥፍ አድርገሽ ስጪኝ» አላቸው።

«ጌታህ ይምጡ። ዓይናቸውን ሳላይ አልሰጥም።»

«ጌታዬ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሊወርዱ?»

«እንግዲያው ትሉም ጌታ ነው፤ ባለበት ይቀመጥ።»

አጋፋሪው እየተሳደበ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጌትዮው ራሳቸው ፊታቸውን በኩታ ተሸፋፍነው መጡ፤ እትዬ በለጡም እንደ ማንም ሰው የዓይን ቆባቸውን ሳብ አድርገው አዩ። የሰጧቸውም ግማሽ እፍኝ ነው። «ጉበትዎ ታሟል፤ ከዚህ በላይ ከሰጠሁዎ እገድልዎታለሁ» አሏቸው።

ሴት ስትመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። «አበባሽን መቼ አየሽ?» ይላሉ። ኮሶ ጽንስ ያስወርዳል፤ እናቲቱንም ይዞ ይሄዳል። መልሱን እስኪሰሙ ድረስ እጃቸው ወደ ቁናው አይሄድም።

ደብሪቱ ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ ለንግድ ወደ ጅማ ሲወርድ ለተሰማ በአደራ ሰጥቷት ከኛ ጋር ትኖር ነበር። ሲሄድ ለሦስት ወር ነው ብሎ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። ደብሪቱ ሳቂታ ናት፤ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጎረቤቱን ሁሉ አስቃ ነው የምትመለስ። ያን ጥር ግን መሳቋን ተወች። አንድ ቀን ምስር እየለቀምን ሳለ እጇን ከሰፌዱ ላይ ሳታነሣ፣ «አበባዬን ካየሁ ሦስተኛ ወሬ ነው» አለችኝ።

የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም ያሰብነው ስለ ተሰማ ነው። አደራውን በልተሃል ተብሎ በሰው ፊት ቢቆም፣ እሷን ብቻ ሳይሆን እኔንም ከቤቱ እንደሚያወጣኝ አላጣሁትም።

«እትዬ በለጡ ኮሶ ይስጡኝ። አንቺ ካልሻቸው ያምናሉ» አለችኝ።

አብረን ሄድን። እትዬ በለጡ ዓይኗን አዩ፤ ክንዷን ያዙ።

«አበባሽን መቼ አየሽ?»

ደብሪቱ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ቀደምኳት። «ባለፈው ሳምንት ነው፣ እትዬ። ልብሷን አብረን ነው ያጠብነው።»

እትዬ በለጡ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «አንቺ ካልሽ ደግ» አሉና ሰፈሩላት። የሰፈሩት ለትንሽ ሴት የሚሆን፣ ከእፍኝ ያነሰ ነው። ደርቆ የከረመ አበባ ነበር። «ሲነጋ በባዶ ሆድሽ ጠጪው» አሏት።

ደብሪቱ ግን የተሰፈረላት አነሰባት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ ወጥታ ከዛፏ ላይ በእጇ ቀንጥባ ወሰደች። መሰላል አላስፈለጋት፤ መንጠላጠል አላስፈለጋት፤ እጇን ብቻ ነው የዘረጋችው። እርጥብ አበባ ደርቆ ከከረመው ይልቅ ይበረታል። ከተሰጣት ጋር ፈጭታ፣ በጥብጣ ጠጣችው። እኔ ስነቃ ወፍጮው ላይ ቀይ እርጥብ ነገር ተለጥፎ አየሁ። «ይህ ምንድን ነው?» አልኳት። «ጨመርኩበት፤ ይለቀኝ ብዬ» አለችኝ። ያን ጊዜ እንኳ እትዬ በለጡን ብጠራቸው ኖሮ ማስታወኪያ አያጡም ነበር። አልጠራኋቸውም። ይለቃት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

እኩለ ቀን ላይ መጮኽ ጀመረች። እትዬ በለጡ ሳልጠራቸው ሮጠው ገቡ። ልብሷን ገለጥ አድርገው ደሙን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ወደ ደጁ ዞረው «ወንዶች ውጡ! ማንም እንዳይገባ!» ብለው ጮኹ። ሆዷን በትኩስ ጨርቅ አሰሩ፤ እግሯን ከፍ አድርገው ያዙ፤ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይሏታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

አስከሬኗን ያጠብነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረ አበባ አገኘሁና ከመቀነቴ ሥር ደበቅኩት። እትዬ በለጡ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ሥራቸውን እየሠሩ ቆይተው ቀስ ብለው፣ ለኔም ለማንም ሳይሆን፣ «ዝቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ» አሉ። ሰው እንዳይወጣባት ብለው ያሳጠሯት ዛፍ ናት፤ የማንም እጅ ይደርስባታል ብለው ግን አላሰቡም።

ተሰማ አደራ ተቀባይ ነውና መክሰስ ነበረበት። በሰልስቱ ማግስት እትዬ በለጡን ወደ ዳኛ ወሰዳቸው። እንደ ጊዜው ሥርዐት የሱ ነጠላ ጫፍ ከሳቸው ነጠላ ጫፍ ጋር ተቋጠረ፤ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲያ ተቆራኝተው በገበያው መካከል አለፉ። ያከሟቸው፣ ልጆቻቸውን ያዳኑላቸው ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው ያያሉ። እትዬ በለጡ ቀና ብለው ነው የሄዱት። ተሰማ ነው አንገቱን የደፋው። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

ዳኛው አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«መድኃኒቱን የሰጠሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ በምን ሞተች?»

አሁን ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጠይቄ ነበር፣ ይቺ ናት የመለሰችልኝ፣ ደሙንም በዓይኔ አይቻለሁ ቢሉ ነጻ ይወጣሉ። እትዬ በለጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስፍሩን ስቼ ነው። ዓይኔ ደክሟል። አብዝቼባታለሁ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዳኛው ወደ ተሰማ ዞረው «ሲሰጧት ያየ አለ?» አሉት። ተሰማ ወደኔ አመለከተ። «ሚስቴ አብራት ነበረች።» ዳኛው እኔን አዩ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም።

«ጌታዬ» አሉ እትዬ በለጡ ቀደም ብለው፣ «እኔ ካመንኩ ምስክር ምን ያደርግልዎታል?»

ዳኛው እትዬ በለጡን ሆነ ብለው አለማድረጋቸውን አስምለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም መድኃኒት እንዳይሰጡና ሰፈሩን እንዲለቁ ፈረዱባቸው። ቋጠሮውን የፈታው ተሰማ ነው፤ ጠብቆ ብዙ አስቸገረው።

ረቡዕ ጠዋት ወጡ። ያን ቀይ ሳጥን ተሸካሚ ይዞላቸው፣ እሳቸው ወፍጯቸውን አዝለው። በሩ ላይ ሲደርሱ «ጫፏን አትቁረጡ። ትውጣ» አሉኝ።

ተሰማ ሊጥላት ከጎረቤት መጥረቢያ ተውሶ ነበር። ሁለት ጊዜ መታት። ከቅርፊቷ ሥር ቀዩ እንጨት ሲገለጥ መጥረቢያውን ወርውሮ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካት፤ ማደግ ጀመረች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከጎጆአችን ጣራ አለፈች። ስታብብ ቀዩ ብናኝ ከላይ እየረገፈ ሣር ክዳናችን ላይ፣ ያሰጣሁት ልብስ ላይ፣ የቀዳሁት ውሃ ላይ ያርፋል። ነፋስ ሲነሣ ከቅርንጫፎቿ መካከል የሚወጣው ድምፅ ሰው ቀስ ብሎ የሚያወራ ይመስላል። ተሰማ አይሰማውም። እኔ ግን ሥራዬን ትቼ የቆምኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። የደብሪቱ ባል መጥቶ አልቅሶ፣ በዓመቱ ሌላ አግብቶ ሄደ፤ ለሱም የተነገረው እትዬ በለጡ ስፍር መሳታቸው ነው።

በሦስተኛው ዓመት ለተሰማ ጸበል ልጠመቅ ነው ብዬ እንጦጦ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ደጅ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ከስተዋል። «ተቀመጪ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው በዳኛው ፊት ዝም አሉ? ምን አድርጌልዎት?»

መኮትኮቻውን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ኃይሌን የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ማለዳ ዝናብ ዘንቦ ነበር። 'እማዬ፣ ግንዱ ያዳልጣል' አለኝ። 'ሂድ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው' አልኩት። ሲያመጡልኝ፣ አባቱ 'ማን ላከው?' አለ። 'ማንም' አልኩ። አባቱ ሳያውቅ ሞተ። ያን ቀን ያንቺን ነገር ለመለየት አልተቸገርኩም። ዳኛው ሲጠይቁሽ አፍሽን አየሁት። ያን አፍ አውቀዋለሁ።»

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። «ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔ ዛፍ ተከልኩ። አልረዳኝም።»

አንሥተው ጎመን ቆርጠው ሰጡኝ። ሌላ ጊዜ እንድመጣም፣ እንዳልመጣም አልነገሩኝም። አልተመለስኩም።

እንጨት ሻጯ ባረዳችኝ ማግስት ለተሰማ፣ «እትዬ በለጡ ሞተዋል፤ ለቅሶ ልሄድ ነው» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። መቀሱን አስቀምጦ «እኔም እመጣለሁ» አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ከአራዳ የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆመው ያዩዋቸው ሁሉ አሉ። ሴቶቹ እየተነሡ ደግነታቸውን ይናገራሉ፤ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ሲደርሱ «ያቺ ስሕተት ባትኖርባቸው» እያሉ ያልፉታል። ሦስተኛዋ ሴት እንዲህ ስትል ተነሣሁ።

«እትዬ በለጡ አልሳቱም» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስለኝ አለ። «እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አይደለችም ብዬ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ። የሰፈሩላት ልክ ነበር፤ ትርፉን ራሷ ናት ቀንጥባ የወሰደችው። እሳቸው ይህን ሁሉ እያወቁ ተፈረደባቸው።»

ለቅሶው ቆመ። ወንዶቹ ወዳሉበት ማየት ፈራሁ። ነጠላ ሲራገፍ፣ ሰው ተነሥቶ ሲወጣ ሰማሁ፤ ተሰማ መሆኑን በእርምጃው አወቅሁት። አጠገቤ የነበረችው ሴት ልብሷን ሰብስባ ራቅ አለች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቆይቶ አንዲት አሮጊት «የወለተ ሥላሴን ነፍስ ይማርልን» ብለው የእትዬ በለጡን ክርስትና ስም ጠሩ፤ ለቅሶው እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ሌላ ዓይነት ነበር፤ ሰዎቹ እንደ አዲስ መርዶ የሰሙ ይመስሉ ነበር።

ስወጣ ተሰማ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነሥቶ ቁልቁለቱን ጀመረ፤ ተከተልኩት። ከተማው ከሥራችን ሲታይ ቆም አለና ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው?»

«ታባርረኛለህ ብዬ።»

ነጠላውን አስተካከለ።

«አባርርሽ ነበር» አለኝ።

ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ፈጠን ብለን ወረድን።